የመጨረሻው የሶሻል ወርክ የመስክ ልምምድ፦ ከትብብር ደብዳቤ እስከ ርክክብ

ልምምዱ የሚያልቅበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻው ሳምንት የፊርማና የማኅተም ነው፤ ሌላ ሥራ አይያዝበትም። ከእሱ በፊት ያሉት ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ከተገልጋዮች ጋር የመሰነባበቻና ጉዳይ የማስረከቢያ ናቸው፤ በእነዚህ ሳምንታት አዲስ ጉዳይ አይከፈትም። መካከል ላይ የአጋማሽ ግምገማ አለ። መጀመሪያ ላይ መዝገብ ማንበብና ሰው መተዋወቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ይህን ሁሉ ስትቀንሱ የሚተርፈው የሥራ ጊዜ ከገመታችሁት በእጅጉ ያንሳል። ብዙ ተማሪ ጊዜው ሰፊ ይመስለውና በሁለተኛው ወር አሥር ቤተሰብ ይይዛል፤ እሱ ሲመረቅ አሥሩም ቤተሰብ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጥቂት ጉዳይ ይዞ፣ እስከ መጨረሻው ተከታትሎ፣ ለሚተካ ሰው አስረክቦ መውጣት ይሻላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ነው፤ የማስተርስ ተማሪም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ቦታ ስትመርጡ

የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ማረሚያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፦ ሁሉም ተማሪ ይቀበላሉ፤ የሚያስተምሩት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ስሙ የገነነ ድርጅት ገብቶ ሙሉውን ሴሚስተር ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ የሚከርም ተማሪ አለ። ወረዳ ውስጥ የምትቀመጡበት ወንበር እንኳን ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን የልጆቿን ቀለብ የተከለከለች እናት፣ ጧሪ ያጡ አዛውንትና ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጎዳና ላይ የወደቀ ልጅ ታገኛላችሁ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ወረዳውን እመርጣለሁ። ጥቁር አንበሳን የመሰለ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመርጥ ተማሪ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ታካሚ አልጋ እስኪያገኝ የት እንደሚያድር፣ የነፃ ሕክምና ወረቀት ሳይዝ የመጣ ሰው ማን ጋር እንደሚላክ መጨነቅ የዕለት ሥራው ይሆናል። በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከታካሚው እኩል ቤተሰቡም የሥራችሁ አካል ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት በአካል ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው አለ? ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ እንድገናኝ ይፈቀድልኛል? በአሁኑ ሰዓት ስንት ሌላ ተማሪ አለ? ለመጀመሪያው ጥያቄ “እናያለን” የሚል መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እናንተ ራሳችሁ የታከማችሁበት ወይም ዘመድ ኃላፊ የሆነበት ቦታም አይመከርም።

ሱፐርቫይዘራችሁ፣ ማለትም በድርጅቱ ውስጥ ሥራችሁን የሚከታተለው ሰው፣ ሶሻል ወርክ ያልተማረ ሊሆን እንደሚችልም ቀድማችሁ እወቁ። አዲስ አበባ የነበረው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሙያው ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ተመራቂ ስላላወጣ፣ ዛሬ በየቢሮው ልምድ ያካበቱት ሰዎች በሶሲዮሎጂ፣ በሥነ ልቦና፣ በሕግ ወይም በማኔጅመንት የተመረቁ ሆነው ብታገኟቸው አይግረማችሁ። ከእነሱ የሚገኘው የአሠራር ዕውቀት ትልቅ ነው፤ የሙያውን ንድፈ ሐሳብ ከሥራው ጋር የማያያዙን ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ አማካሪያችሁ ጋር መሥራት ይኖርባችኋል።

ደብዳቤው

ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ትወስዳላችሁ። ደብዳቤው የልምምዱን መነሻና መድረሻ ቀን፣ በሳምንት የምትገኙባቸውን ቀናትና ከድርጅቱ የሚጠበቀውን በግልጽ መያዝ አለበት። በቀጥታ ለምታውቁት ባለሙያ አትስጡት፤ መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስጽፉ። ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ገብቶ ለሚመለከተው ቡድን እስኪመራ ቀናት ይፈጃል፤ ቁጥሩ ከሌላችሁ የት እንደደረሰ የሚነግራችሁ አታገኙም። ሰኔ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት የሚዘጋበትና የዓመት ሪፖርት የሚጠናቀርበት ወቅት ስለሆነ ማንም ለተማሪ ጊዜ የለውም። የበጋ ወራትን ያዙ።

ከተቀበሏችሁ በኋላ ለቤት ለቤት ጉብኝት የሚሆን፣ ፎቶግራፋችሁ ያለበትና ማኅተም ያረፈበት መታወቂያ ወይም ደብዳቤ ጠይቁ።

የመማር ውል

የመማር ውል በልምምዱ ምን እንደምትሠሩና ምን እንደማትሠሩ የሚጻፍበት ሰነድ ነው፤ ብዙዎች ካለፈው ዓመት ተማሪ ገልብጠው ያስፈርማሉ። በኋላ ጉዳይ እንዳትይዙ ሲከለክሏችሁ ወይም ከመማር ይልቅ የጽሕፈት ሥራ ሲበዛባችሁ የምታነሡት ብቸኛ ወረቀት እሱ ስለሆነ ራሳችሁ ጻፉት።

“ስለ ጉዳይ አያያዝ ያለኝን ዕውቀት ማሳደግ” የሚል ግብ ማንም ሊለካው አይችልም። ይልቁንም እንዲህ ይጻፍ፦ “እስከ ጥር 30 ድረስ ለሦስት ተገልጋዮች የፍላጎት ዳሰሳ ጽፌ ለሱፐርቫይዘሬ አቀርባለሁ፤ በተሰጠኝ እርማት አስተካክዬ መዝገባቸው ውስጥ አስገባለሁ።” ከግለሰብና ከቤተሰብ ጋር፣ ከቡድን ጋር፣ ከማኅበረሰብ ጋር ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ግብ ይኑር። የማትሠሩትንም ጻፉ፦ የድርጅቱን ገንዘብ አልይዝም፤ ጥቃት ወደሚጠረጠርበት ቤት ብቻዬን አልሄድም፤ ባለሙያ መፈረም ያለበትን ሰነድ አልፈርምም። ሦስታችሁም፣ ተማሪ፣ ሱፐርቫይዘርና የዩኒቨርሲቲ አማካሪ፣ ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የተዘጉ መዝገቦችን አስፈቅዳችሁ አንብቡ፤ ቢሮው በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ከግድግዳው ላይ ራእይና ተልዕኮ ይልቅ የተዘጋ መዝገብ ይናገራል። ጎን ለጎን የአካባቢውን አገልግሎት ዝርዝር በእግራችሁ እየዞራችሁ አዘጋጁ። የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚጽፈው ማን ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ በየትኞቹ ወራት ነው? የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚመለመለው እንዴት ነው? ነፃ የሕግ ምክር የት ይገኛል? በአካባቢው ስንት ዕድር አለ፤ ሰብሳቢዎቹስ እነማን ናቸው? አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የጾታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገናኘውን የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አሠራር ቀድማችሁ እወቁ። ድንገት በሚፈለግበት ቀን ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም። በዝርዝሩ ላይ ከተቋሙ ስም አጠገብ የምታነጋግሩትን ሰውና የሚገኝበትን ቀን ጻፉ።

ለጥበቃው፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ለጽዳት ሠራተኞቹ ራሳችሁን አስተዋውቁ። በር ላይ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሳይገባ የተመለሰውን ሰው የሚያውቀው ጥበቃው ነው።

ከተገልጋይ ጋር መሥራት

መሰነባበቱ የሚጀምረው በመጀመሪያው ውይይት ነው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ “እናቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። እዚህ የምሠራው እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳይዎን የቢሮው ባለሙያ ይይዘዋል። የሚነግሩኝን እኔና ኃላፊዬ ብቻ እናውቀዋለን። በእርስዎ ወይም በልጅ ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ግን ዝም ማለት አልችልም።” ለታላላቆች “እርስዎ” አይቅር፤ “እማማ” ወይም “አባባ” መባልን የማይወድም አለና ምን ብላችሁ እንድትጠሯቸው ጠይቁ።

“እርዳታ ይመጣል ወይ?” የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። “ይመጣል” አትበሉ፤ “አላውቅም” ብላችሁም አትሂዱ። ቢሮው ምን እንዳለው፣ ማን እንደሚወስንና መልሱ በስንት ቀን እንደሚታወቅ ንገሯቸው፤ በዚያ ቀን መልሱ “የለም” ቢሆንም ተመልሳችሁ ተናገሩ። ከኪሳችሁ ገንዘብ መስጠት ልብን ያሳርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ግንኙነታችሁ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ በቢሮው በኩል ይሂድ።

ቤት ስትጎበኙ የድርጅቱን አርማ የያዘ ሰደርያ ለብሳችሁ መግባት ተገልጋዩን ለመንደሩ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ከኤች አይ ቪ ወይም ከአእምሮ ሕመም ጋር የሚሠራ ድርጅት ከሆነ ሰደርያው ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ቤት ድረስ መምጣታችሁን ይፈልጉ እንደሆነ፣ ምን ለብሳችሁ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቡና ከቀረበ ጠጡ፤ የሰው ቡና መግፋት ከፎርም በላይ ያርቃል። ዶሮ ወይም ገንዘብ ከቀረበ ግን አመስግኑና ሱፐርቫይዘራችሁን ምክንያት አድርጋችሁ መልሱ። ወረቀትና እስክሪብቶ ከሰላምታ በኋላ እንጂ ከሰላምታ ጋር አይወጣም።

ቋንቋ ካላግባባችሁ ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን አስተርጓሚ አታድርጉ። የተገልጋይ ፎቶግራፍ በስልካችሁ አታንሡ፤ ጉዳይንም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ አታውጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ላይ ጠበቅ ልበል። ልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከሰማችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ በዚያው ቀን፣ ማታም ቢሆን፣ ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ፤ የሰማችሁትን በተነገረበት ቃል ጻፉ፤ ልጁን ደጋግማችሁ አትጠይቁ። ምርመራው የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሥራ ነው። በዚህ መካከል “በሽማግሌ ይያዝ” የሚል ሐሳብ ከቤተሰብ፣ አንዳንዴም ከቢሮ ይመጣል። ሽምግልና ባልና ሚስትን ወይም ወራሾችን ለማስማማት ትልቅ ሀብት ነው፤ የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ በካሣ ለመዝጋት ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማጽደቅ ሲጠራ ግን እናንተ በዚያ ጉባኤ ላይ አትቀመጡም። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ይህን በትሕትና መናገር ከተማሪም ይጠበቃል።

የውይይት መዝገብ

ከሁሉም ወረቀት የሚያስተምረው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚታለፈውም ይህ ነው። በሳምንት አንድ ውይይት መርጣችሁ በዚያው ቀን፣ በተነጋገራችሁበት ቋንቋ፣ የተባለውን እንደተባለ ጻፉ። ለኮሌጁ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ከሆነ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ገጹን በአራት ከፋፍሉት፦ የተባለው፣ በዚያ ሰዓት በውስጤ የተሰማኝ፣ አሁን ሳየው የማስበው፣ የሱፐርቫይዘር አስተያየት። ለማሳያ ያህል የፈጠርኩት ምሳሌ ይኸውና፦

ተገልጋይ፦ “ልጄን ከትምህርት ቤት ያስቀረሁት ደብተር መግዣ አጥቼ ነው።”
እኔ፦ “ደብተር ከቢሮው ማግኘት እንችላለን።”
ተገልጋይ፦ (ወደ በሩ ተመለከተች፤ ቆየች) “እሺ።”

የተሰማኝ፦ ችግሩን ስላቃለልኩላት ደስ አለኝ።
አሁን ሳየው፦ “እሺ” ያለችው ዘግይታ ነው። በሩ ላይ ማን ነበር? ደብተር እውነተኛው ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን መፍትሔ ለማቅረብ ቸኮልኩ።
ሱፐርቫይዘር፦ በሚቀጥለው ጊዜ ቢሮ ጥሪያትና ብቻዋን አነጋግሪያት። ልጅቷ በቀን የት እንደምትውል ጠይቂ።

እንዲህ ያለው ሦስት መስመር ንግግር የአንድ ሰዓት ውይይት ይወጣዋል። ያማረውን ውይይት ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ተማሪ የሚማረው ነገር የለም። የተበላሸውን ውይይት አምጡ።

ሱፐርቪዥንና ሰዓት

ሱፐርቫይዘራችሁ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ “ሲመችዎት” ካላችሁት ቀኑ አይመጣም። ባለጉዳይ ከመሰለፉ በፊት ያለውን የጠዋት ሰዓት በቋሚ ቀን ያዙ። አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ፦ የእርስዎን ውሳኔ የምፈልግበት ጉዳይ፣ ያልገባኝ ነገር፣ የከበደኝ ነገር። ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። ሌሊት እንቅልፍ የነሳችሁ ጉዳይ ካለ የሚነገርበት ቦታ ይህ ነው። ከስብሰባው በኋላ የተወሰነውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ሥራችሁ ፎቶኮፒና ሻይ ማምጣት ብቻ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ መጀመሪያ ውሉን ይዛችሁ ሱፐርቫይዘሩን በአክብሮት አነጋግሩ። በሳምንት ውስጥ ካልተለወጠ ለትምህርት ክፍሉ የመስክ ልምምድ አስተባባሪ በጽሑፍ አሳውቁ። እስከ አጋማሽ ግምገማ ዝም ብሎ መቆየት ቦታ ለመቀየር የሚያስችለውን ጊዜ ይበላል።

የሰዓት መቆጣጠሪያውን በየሳምንቱ ዓርብ አስፈርሙ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በአንድ ቀን የተፈረመ የአራት ወር ሰዓት ማንንም አያሳምንም። ወደፊት ውጭ አገር መማር ወይም መሥራት ለሚያስብ ይህ ወረቀት በኋላ ዋጋ ያገኛል፦ በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት መስፈርት ለባችለር ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 የመስክ ሰዓት ይጠየቃል፤ የትምህርት ማስረጃ የሚያመዛዝን አካልም የመስክ ሰዓታችሁን ሊጠይቃችሁ ይችላል።

የቡድንና የማኅበረሰብ ሥራ

ለቡድን ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፤ የሚያልቅበት ቀን ከልምምዱ ማብቂያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቅደም። የማኅበረሰብ ሥራ ከዕድር ቢጀምር ይመረጣል። በወር ስብሰባው ላይ ለመናገር ከፈለጋችሁ አጀንዳ እንዲያዝላችሁ ለሰብሳቢው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የዕለቱ ሒሳብ ሳይነበብ አትነሡ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትናገሩ። “ችግራችሁ ምንድን ነው?” ከማለት “ባለፈው ዓመት ለአባላት ምን አደረጋችሁ?” ብሎ መጀመር ሰውን ያናግራል።

መሰነባበትና ርክክብ

ከማብቂያው አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለእያንዳንዱ ተገልጋይ ቀኑን እንደገና ንገሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ብትናገሩም ተረስቷል። አንዳንዱ መምጣት ያቆማል። አንዳንዱ ተፈትቶ የነበረ ችግር ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ ይቆጣል። ሕፃናት ደግሞ በእነሱ ጥፋት የምትሄዱ ይመስላቸዋል፤ ለእነሱ የቀን መቁጠሪያ ሠርታችሁ ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ አብራችሁ ምልክት አድርጉ። የግል ስልክ ቁጥር አትስጡ። “ሳልረሳችሁ እመጣለሁ” የሚል ቃልም አትግቡ፤ ሥራ ሌላ ከተማ ሊወስዳችሁ ይችላል።

በመጨረሻው ውይይት ምን እንደተለወጠና ማን እንደለወጠው ተገልጋዩ ራሱ ይናገር። ልጇን ትምህርት ቤት የመለሰችው እናት ናት፤ እናንተ ወረቀት ጽፋችኋል።

ለእያንዳንዱ ክፍት ጉዳይ አንድ ገጽ የርክክብ ማስታወሻ ጻፉ፦ የመጡበት ምክንያት፣ እስካሁን የተሠራው ከነቀኑ፣ ያልተዘጋው፣ ተገልጋዩ ራሱ የሚፈልገው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮና የት እንደሆነ፣ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር። በስተመጨረሻ ያልተፈጸሙ ተስፋዎችን ዘርዝሩ። “ለዊልቸር ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልስ አልመጣም” የሚለው መስመር ካልተጻፈ ማመልከቻው ከእናንተ ጋር ይወጣል። ከሚተካችሁ ባለሙያ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ አብራችሁ ቤቱን ጎብኙ። የሚተካ ሰው ገና ካልተመደበ ማስታወሻውን ለሱፐርቫይዘሩ አስረክባችሁ አስፈርሙ።

ሪፖርትና ማኅተም

የመጨረሻውን ሪፖርት ማታ ማታ ከልምምዱ አጋማሽ ጀምራችሁ ጻፉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በአንድ ወቅት ይደራረባሉ። የተገልጋይ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ከተማ “የስድስት ልጆች እናት የሆነች ጠላ ሻጭ” ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። የድርጅቱን ታሪክ በአሥር ገጽ መገልበጥ ነጥብ አያስገኝም፤ አንባቢው የሚፈልገው አንድ ጉዳይ ላይ ምን እንዳሰባችሁ፣ ምን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ ነው።

ግምገማውን የሚፈርመው ኃላፊ በመጨረሻው ሳምንት ሥልጠና ወይም ስብሰባ ላይ ሊሆን ስለሚችል ቅጹን ከሁለት ሳምንት በፊት ስጡ። በታሸገ ፖስታ ከተባለ ፖስታው ላይም ማኅተም ይረፍ። ሳይታሸግ በፊት ግን ሱፐርቫይዘሩ ግምገማውን ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያነበው ጠይቁ።

መታወቂያውን፣ ቁልፉንና የያዛችኋቸውን መዝገቦች መልሳችሁ የርክክብ ፊርማ ውሰዱ፤ በስልካችሁና በኮምፒውተራችሁ የቀረውን የተገልጋይ መረጃ አጥፉ። ከመሄዳችሁ በፊት የልምምድ ማረጋገጫ ደብዳቤ አጽፉ። ሙሉ ስማችሁ እንደ መታወቂያችሁ፣ ጠቅላላው ሰዓት በቁጥርና በፊደል፣ ዋና ዋና ሥራዎቻችሁ፣ መነሻና መድረሻው ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ወጪ ቁጥርና ክብ ማኅተም ይኑረው። ሁለት ዋና ቅጂ ጠይቁ።